ሐሙስ ሐሙስ የሚያልፍ ድምፅ

ባዝል፣ ስዊዘርላንድ
መጋቢት 24 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለውድ የአጎቴ ልጅ ለኡሙሰልማ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አንቺንም፣ ልጅሽን ፈትሂያንም፣ ደሴ ሆጤ ያለውን ቤተሰብ በሙሉ አላህ በአማን ያቆይልኝ። እኔ አልሃምዱሊላህ ጤናዬ ደኅና ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ከተዘጋሁ ዛሬ አሥራ ሰባት ቀኔ ነው። ከሰው ጋር የምነጋገረው በኮምፒውተር ብቻ ነው። ስብሰባው አልቆ ስክሪኑ ሲጠፋ ክፍሉ ውስጥ የራሴን ትንፋሽ እሰማለሁ።

በስልክ ሁለት መስመር መላክ እችል ነበር፤ ነገሩ ግን የሁለት መስመር አይደለም። ሰሞኑን ከቢሮ አንድ ወረቀት ይደርስሻል። አሥር ዓመት ትራኮማን ለማጥፋት ሲሠራ የኖረው የድርጅቶች ጥምረታችን ፊቱን ወደ ኮሮና ሊያዞር ነው። መኪናዎቹ፣ ጓንቱ፣ ሳሙናው፣ እናንተ ነርሶቹም ጭምር ወደ ወረርሽኙ ሥራ ትዛወራላችሁ። የዓይን ቆብ ቀዶ ጥገና ለሦስት ወር ይቆማል፤ መሣሪያዎቹም ኮምቦልቻ ስቶር ውስጥ ታሽገው ይቀመጣሉ። ከበሽተኛው ፊት አንድ ስንዝር ርቆ መሥራት አሁን ለሁለቱም ወገን አደጋ ነው። ወረቀቱን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። ከሌላ ሰው እንድትሰሚው አልፈለግኩም።

መጋቢት 28 የእማ ቀጠሮ መሆኑን ረስቼ አይደለም። ቀኝ ዓይኗ ከጠፋ ቆይቷል፤ የቀራት ግራው ብቻ ነው፤ እሱንም በራስሽ እጅ ልትሠሪላት ነበር። ለአንቺ አክስትሽ ናት፤ እኔ ግን ካሳደገችኝ ከራቢያ ሌላ እናት አላውቅም። ስለዚህ ካስጨነቅሁሽ አፉ በይኝ። ሦስቱን ወር ትችለዋለች? እውነቱን ንገሪኝ።

ወንድምሽ ሚስባህ


ኮምቦልቻ፣ ሚያዝያ 5 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሚስባህ፣

ወዐለይኩም አሰላም። ያለህበትን አገር አላህ ይማረው፤ አንተንም ከዚያ አራተኛ ፎቅ በሰላም ያውርድህ።

ደብዳቤህ ደረሰኝ። የቢሮው ወረቀትም ደረሰኝ። ሁለቱም ያንተ ናቸው፤ አንዱ ይቅርታ ይጠይቀኛል፣ ሌላው ያዝዘኛል። የትኛውን ላድምጥ? እኔ በእጄ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ፣ ኔትወርክ ሲመጣ በቴሌግራም እልክልሃለሁ። ጽሑፌ ካስቸገረህ መነጽርህን ጥረግ።

አሁን ያለሁት እዚሁ ኮምቦልቻ፣ ተማሪ በሌለው አንድ ኮሌጅ ውስጥ ነው። ከጅቡቲና ከዓረብ አገር የሚመለሱትን አሥራ አራት ቀን እናቆያቸዋለን። አሥር ዓመት የዓይን ቆብ ስሰፋ የኖርኩ ሴትዮ ዛሬ ጠመንጃ የመሰለ ሙቀት መለኪያ ግንባር ላይ ስደግን እውላለሁ። አንዷ ልጅ ትናንት ሳይ ዝም ብላ ታለቅሳለች። ሦስት ዓመት ሠርታ ኮንትራቷ ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው ነው የመለሷት። እጇን ልይዛት ብዬ ትዝ ሲለኝ መለስኩት። ፈትሂያን ካየኋት ሦስት ሳምንቴ ነው፤ ደሴ እኮ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ናት፣ ዓረብ አገር ሆነችብኝ።

የአክስታችንን ነገር እውነቱን ንገሪኝ አልከኝ። እውነቱ ይኸው። የዓይናቸው ፀጉር ወደ ውስጥ ታጥፏል። ጎረቤታቸው የምስራች ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ላይ አስቀምጣ በወረንጦ አንድ በአንድ ትነቅልላቸዋለች። እጇ ሸጋ ነው፤ እኔም እንደሷ አልነቅልም። ከነቀለች ሳምንቱን ሰላም ናቸው። አንድ ወር ብትተወው ግን ፀጉሩ አድጎ ብሌኑን ይፍቀዋል፤ ብሌኑ ከቆሰለ ደግሞ እኔም ሆንኩ ሌላ ሰው አንመልሰውም። ስለዚህ ሦስት ወሩን በየምስራች ወረንጦ እናልፈዋለን፤ አብሽር። ብቻ አደራ፣ ሦስት ወር ያልከውን ሦስት ወር አድርገው።

ጓንታችን ሊያልቅ ነው። በወረቀትህ ላይ «በቂ» ይላል፤ ማን እንደቆጠረው አላህ ይወቅ።

እህትህ ኡሙሰልማ


ባዝል፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኡሙሰልማ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ረመዳኑን አላህ በሰላም አድርሶ በሰላም ያስፈታሽ። ከፈትሂያ ጋርም በቅርቡ ያገናኝሽ። እኔ ዘንድሮ ብቻዬን ነው የማፈጥረው፤ መስጂዱ ተዘግቷል።

ጓንቱን አስጨምሬያለሁ፤ ከአዲስ አበባ ይላክላችኋል። «በቂ» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ያለፈውን ዓመት ቁጥር አይቼ ነው። አፉ በይኝ።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ትስቂብኛለሽ። የጥምረቱ መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ታስሮ በሁለት ወረዳ በየገበያው የሚዞር መልእክት ተፈለገ። ስቱዲዮ ሁሉ ዝግ ነው። ወሎኛ የሚናገር ደግሞ ቢሮው ውስጥ ከእኔ ሌላ የለም። ጽሑፉን ሐኪሞቹ ሰጡኝ፤ ወደኛ አነጋገር አመጣሁትና ብርድ ልብስ ተከናንቤ በስልኬ ቀዳሁት። የምታሠለጥነን ሴትዮ «ለሕዝብ አትናገር፤ አንድ የምታውቀውን ሰው በዓይንህ እያየህ ለእሱ ተናገር፤ ያኔ ሁሉም ይሰማሃል» አለችኝ። እማን አየሁ። ስለዚህ እንዲህ ይጀምራል፤ «እማ፣ ስሚኝ። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ከሰው ሁለት እርምጃ ራቂ። ዓይንሽን፣ አፍንጫሽን፣ አፍሽን በእጅ አትንኪ፤ ሌላ ሰውም እንዳይነካሽ። ይቺን ቀን እንድናልፋት።»

አራት ጊዜ ቀድቼ ነው የተሳካልኝ። ከዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ የራሴ የምለው እሱን ብቻ ነው። እማ ባለችበት በቦሩ ሜዳ በኩል ካለፈ ጻፊልኝ።

ሚስባህ


ኮምቦልቻ፣ ግንቦት 7 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለድምፀ መረዋው ወንድሜ ለሚስባህ፣

ወዐለይኩም አሰላም፤ ጾምህን አላህ ይቀበልህ። በረሃብ ከሳህ ወይስ እዚያም ሳምቡሳ አለ?

ወላሂ ስማኝማ! የሦስት ቀን ዕረፍት ሰጡኝና ትናንት ሐሙስ በጥምረቱ መኪና ወደ ቦሩ ሜዳ ወጣሁ። ሹፌሩን አግማስን ታውቀዋለህ፤ በሽተኞቼን ሲያመላልስ የነበረው ነው። አሁን ጣሪያው ላይ ድምፅ ማጉያ አስሮ ያንተን ድምፅ ይዞ ይዞራል። የአክስታችን ደጅ ስንደርስ አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል። «እማ፣ ስሚኝ» ሲል ጊዜ ነጠላቸውን አስተካከሉ! እንግዳ የመጣባቸው ይመስል! አግማስ አቁሞ ሁለት ጊዜ ደገመላቸው። ሲጨርስ ወደ መኪናው መጥተው ቦኔቱን ዳበስ ዳበስ አደረጉት። «ከስቷል መሰለኝ፤ ድምፁ ቀጥኗል» አሉኝ። አልቅሼ መኪናው ውስጥ ገባሁ።

ለካ አራተኛ ሐሙሳቸው ነው። ገበያ መሄዱን ትተው ሐሙስ ሐሙስ አጥራቸው ሥር አንተን ይጠብቃሉ። መታዘዛቸው ደግሞ ጉድ ነው! እጃቸውን ከመታጠባቸው ብዛት ቆዳቸው ተሰነጣጥቋል። የምስራች ቅዳሜ ስትመጣ «ሁለት እርምጃ ብሎኛል» ብለው በዘንግ ለክተው እዚያ ማዶ ድንጋይ ላይ አስቀምጠዋታል። ሁለቱ እየተጯጯኹ ሲጨዋወቱ መንገደኛው የተጣሉ እየመሰለው ሊያስታርቅ ይቆማል። የምስራች «እታለም ራቢያን ሚስባህ ወሰደብኝ» ትላለች። ሳቄ ሊገድለኝ!

እኔንም አላስጠጉኝም። ከአጥር ወዲያ ቆሜ ዱአ አድርገውልኝ ተመለስኩ። ዛሬ ኮሌጁ ገብቻለሁ። ዕረፍቱ ሦስት ቀን ነው የተባለው አንድ ቀን ተኩል ሆነ፤ ፈትሂያን በመስኮት ነው ያየኋት።

ኡሙሰልማ


ባዝል፣ ግንቦት 19 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኡሙሰልማ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ዒድ ሙባረክ፣ ቢዘገይም። የዓመት ሰው ይበለን።

ደብዳቤሽን የዒድ ዕለት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የየምስራችን ድንጋይ ሳነብ ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ የታችኛው ፎቅ ሰውዬ ጣሪያውን መታብኝ። እሱን ንግግር ካልሽው ከሁለት ወር ወዲህ ከሰው ጋር የተነጋገርኩት ያኔ ነው።

ቅጂው በጣም ተወዷል። ሌሎቹ አገሮችም በራሳቸው ቋንቋ በዚያው መንገድ ሊያስቀዱ ነው። አለቃዬ በስብሰባ ላይ በስሜ አመሰገነችኝ። እኔ ግን ቦኔቱን ዳበሰችው ያልሽውን ነው የማስበው።

አንቺ ሳትጠይቂኝ ልመልስልሽ። ለምን ራሴ አልደውልላትም? በመጀመሪያው ዓመት ደውዬ ነበር፤ በየምስራች ስልክ ላይ። እማ አንድ ቃል መናገር አልቻለችም፤ ካርዱ እስኪያልቅ አለቀሰች። «ና» ብቻ ነው ያለችው። እኔ ደግሞ የመኖሪያ ወረቀት አልነበረኝም፣ መምጣት አልችልም ነበር፣ አልችልም ማለትም አልቻልኩም። በሚቀጥለው ወር እደውላለሁ አልኩ። አሁን ስምንት ዓመት ሆነው። በቆየ ቁጥር ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። ሐሙስ ሐሙስ ድምፄን መስማቷ ግን ትንሽ ቀልቤን አሳርፎታል።

ሌላው ደስ አይልም። ሦስት ወሩ ስድስት ሆኗል። እኔ ብቻ አይደለሁም የወሰንኩት፤ ግን እጄ አለበት። እማን አደራ።

ሚስባህ


ኮምቦልቻ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለሚስባህ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። በጤናህ ነህ? ኢንተርኔቱም ተቋርጦ ነበር፣ እኔም ጠፍቼ ነበር። በሰኔ መጨረሻ ኮሮናው እኔንም ያዘኝ። ሦስት ሳምንት፣ ሌሎቹን ቆልፌ ሳስተኛበት በነበረው ክፍል እኔ ተኝቼ፣ ምግቤን በር ላይ አስቀምጠው ሲሸሹ ኮቴያቸውን እሰማ ነበር። ሰው ምን ያህል እንደሚያምር ያኔ አወቅሁ። አልሃምዱሊላህ ዳንኩ፤ ደረጃ ስወጣ ብቻ ትንፋሼ ይቆራረጣል።

ከዳንኩ በኋላ ቦሩ ሜዳ ሄጄ ነበር። የአክስታችን ዓይን ቀልቷል። ፀጉሩን ነቅዬ ቅባት ሰጥቻቸዋለሁ። ቀዶ ጥገናውን አሁኑኑ መሥራት አለብኝ። መሣሪያው እዚህ ስቶር ውስጥ ነው፤ ከምተኛበት ሁለት መቶ ሜትር አይርቅም፤ የታሸገው ግን በእናንተ ትእዛዝ ነው። የዞኑን ሰዎች ጠየቅኳቸው፤ «ጥምረቱ ይፍቀድ» አሉኝ። የሆስፒታሉ ዓይን ክፍልም ለኮሮና ተሰጥቷል። አንድ የመሣሪያ ኪት አስፈታልኝ። አንድ ብቻ።

ኡሙሰልማ


ባዝል፣ ሐምሌ 25 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኡሙሰልማ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ከሞት አፍ ለመለሰሽ ጌታ ምስጋና ይድረሰው። ሦስት ሳምንት ብቻሽን ተኝተሽ እኔ እዚህ የቅጂዬን ምስጋና ስቆጥር ነበር። አላወቅኩም። አፉ በይኝ።

ኪቱን ዛሬውኑ ጠየቅሁ። ለአንድ ሰው ብለን ደንቡን አንሰብርም አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ እንዳይመጣ አድርጌ ነው የጻፍኩት። ስለዚህ ለእማ ብቻ ሳይሆን ዓይናቸው አደጋ ላይ ላለ ሁሉ እንዲከፈት አዲስ ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ። ኮሚቴው በነሐሴ አጋማሽ ይሰበሰባል።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። የምስራች በየሳምንቱ እየነቀለች ዓይኗ እንዴት ቀላ? ታማ ነበር? ወይስ ወደ ሌላ አገር ሄዳ ነው? ይህን አልጻፍሽልኝም።

ሚስባህ


ኮምቦልቻ፣ ነሐሴ 4 ቀን 2012 ዓ.ም.

ሚስባህ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። የምስራች ደኅና ናት፤ የትም አልሄደችም። ኪቱስ?

ኡሙሰልማ


ባዝል፣ ነሐሴ 20 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኡሙሰልማ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ተፈቀደ! ትናንት ተፈረመ። ሃያ ኪት ይከፈታል፤ ዓይናቸው ለመጥፋት ለተቃረበ ሁሉ በጥንቃቄ እንዲሠራላቸው። ፊትን የሚሸፍነው ፕላስቲክም ከጓንቱ ጋር ይሰጣችኋል። ቁልፉን ለመቀበል የሚያስፈልገው ደብዳቤ ከዚህ ጋር ተያይዟል። አንድ ቀን እንዳታሳድሪው።

ያለፈው ደብዳቤሽ ሁለት መስመር ነበር። አውቅሻለሁ ኡሙሰልማ። ልጅ ሆነን የሰበርሽውን ነገር ስትደብቂ እንዲህ ነበር የምታጥሪው። ተቆጥተሽኝ ከሆነ ተቆጪ፤ አንቺ ስትቆጪኝ ቢያንስ የሚያውቀኝ ሰው እንዳለ ይሰማኛል። የምስራች ደኅና ከሆነች፣ ወረንጦውም ካለ፣ ምን ሆነ? ሁለተኛ ጊዜ መጠየቄ ነው። ቀን ሥራ እይዛለሁ፤ ከሥራ ስወጣ ሌላ የማስበው የለኝም።

ሚስባህ


ኮምቦልቻ፣ መስከረም 5 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሚስባህ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላህ። አዲሱን ዓመት አላህ የኸይር ያድርግልህ። ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ጳጉሜን 2 ቀን ቀዶ ጥገናውን ሠራሁ። ቆቡ በሚገባ ተገልብጧል፤ ስፌቱም ወጥቷል። በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ ሰፍቼ አላውቅም። ዓይናቸው ግን ጠፍቷል፣ ሚስባህ። ብሌኑ ነጭ ሆኗል። ብርሃንና ጨለማ ይለያሉ፤ ሰው አይለዩም። በሐምሌ ስደርስ ቁስሉ ብሌኑ መሃል ላይ ነበር፤ ያኔውኑ አውቄ ነበር ማለት ይቻላል። ምናልባት ብዬ ነው ያስጨነቅሁህ።

ለምን እንዳልነገርኩህ ደግሞ ስማ። አክስታችን በአላህ ስም አስምለውኛል። ዛሬ መሐላዬን አፈርሳለሁ፤ ሦስት ቀን እጾምበታለሁ። ብቻዬን ተሸክሜው መኖር አልቻልኩም።

የምስራች ቅዳሜ ሲሆን ወረንጦዋን ይዛ ነበር የምትመጣው። እሳቸው ከበሩ ላይ ይመልሷታል። «ዓይንሽን አትንኪ፣ ሰውም እንዳይነካሽ ብሎኛል» ነው የሚሏት። ወረንጦውን በፈላ ውኃ ዘፍዝፋ አመጣች፤ አይሆንም። አፏን በሻሽ ጠቅልላ መጣች፤ አይሆንም። «እታለም፣ እሱ እኮ የሚለው ላገሩ ሁሉ ነው» ብትላቸው «አይደለም፤ እማ ብሎ የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነው» አሏት። አሥራ ሦስት ቅዳሜ፣ ሚስባህ። ሲቆረቁራቸው ሁለት እጃቸውን ታፋቸው ሥር ከትተው ይቀመጡ ነበር አለችኝ፤ እንዳይነኩት። ሐሙስ መኪናው ሲመጣ አጥሩ ጋ ወጥተው፣ እንባቸው እየወረደ፣ ሰምተው ይገባሉ።

እኔም በሐምሌ ስሄድ ጓንት አድርጌ፣ ተሸፋፍኜ፣ ሁለት ቀን ለመንኳቸው። «አንቺ የቢሮ ሰው ነሽ፤ እሱ ልጄ ነው» አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ዋሸሁ። የመድኃኒቱን ወረቀት ከካርቶኑ አውጥቼ «ሚስባህ ጽፏል» አልኩና አነበብኩላቸው፤ «እማ፣ ኡሙሰልማ ዓይንሽን ትንካልሽ።» ወላሂ በዚያችው ደቂቃ ፊታቸውን ቀና አድርገው ሰጡኝ። «ቀድሞ ምነው እንዲህ ቢለኝ!» አሉ። ሦስት ወር ሙሉ የአንድ ቃል ነገር ነበር።

አልምርህም ነበር። እንዴት ነው ሰው ለሁለት ወረዳ ሕዝብ ተናግሮ ላሳደገችው ሴት የማይደውለው? አንድ ጊዜ ደውለህ «ዓይንሽ እንዴት ነው?» ብትላቸው ያለቀ ነገር ነበር። ይህን ስል ግን የራሴ ጉድ ከፊቴ ይቆማል። በግንቦት ያን ድንጋይ፣ ያን ዘንግ በዓይኔ አይቻለሁ። የዓይን ነርስ ነኝ። ሁለት እርምጃ ርቃ የተቀመጠች ሴት ፀጉር እንደማትነቅል ለማወቅ ምን ትምህርት ይጠይቃል? እኔ ሳቅሁ፤ ሳቄንም ጻፍኩልህ፤ አንተም ሳቅህ።

መጻፌን ዛሬ ጠዋት ነገርኳቸው። ተቆጡ፤ «እሱ እዚያ ብቻውን ነው፣ ምን ሊያደርገው ነው የምትነግሪው?» አሉኝ። በኋላ «እንግዲያው ይደውል» አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የምስራች ስልኳን ይዛ አጠገባቸው ትሆናለች። ቁጥሩ ያው የድሮው ነው። በመኪና መናገሩን ተወውና ለራሳቸው ተናገር።

ኡሙሰልማ


ባዝል፣ መስከረም 16 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለእህቴ ለኡሙሰልማ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እጅሽን አላህ ይባርከው። ለጻፍሽልኝ እውነትም፣ ለዋሸሽልኝ ውሸትም።

ቅጂው ቆሟል። «ዓይናችሁን የሚያማችሁ ግን ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ፀጉሩንም በታጠበ እጅና በተቀቀለ ወረንጦ አስነቅሉ» የሚል ሌላ ይወጣል፤ ድምፁ የእኔ አይደለም። ሌሎቹ አገሮች ውስጥም ስንት ሴት በዚህ ምክንያት እጇን ታፋዋ ሥር ከታ እንደተቀመጠች እንዲጠየቅ ጽፌያለሁ። ለስብሰባው አንዷ ያሳደገችኝ ናት ብዬ ተናገርኩ። ከዚያ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፍን።

ትናንት ደወልኩ። የምለውን በወረቀት ላይ ጽፌ ይዤ ነበር፤ እንደለመድኩት። የምስራች አንስታ «ይኸው፣ እታለም» ብላ ሰጠቻት። ወረቀቱን ማንበብ አቃተኝ። እማ ናት የጀመረችው፤ «ሚስባህ? በል ተናገር እንጂ፤ ካርድህ ያልቃል።» እንደ ድሮው አላለቀሰችም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

አፉ በይኝ አልኳት። ስለ ምኑ አለችኝ። ስለ ዓይንሽ አልኳት። «የአላህ ነው» አለችና ምን እንደምበላ ጠየቀችኝ። ክፍሌ ይሞቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ማን እንደሚያጥብልኝ፣ ታምሜ እንደሆነ፣ ስታመም ማን ውኃ እንደሚያቀብለኝ ጠየቀችኝ። ማንም አልኳት። ስምንት ዓመት ያልነገርኳትን በአንድ ቃል ነገርኳት። «እኔስ የምስራች አለችኝ» አለች።

ልንሰነባበት ስንል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የምስራች እንዳትሰማ መሰለኝ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችኝ። ጠይቂኝ እማ አልኳት።

«ስፌቱ የነበረበት ያሳክከኛል። ኡሙሰልማ እንድትነካው ፈቅደሃል፤ እሷ ነክታዋለች። ለእኔ ግን አልፈቀድክልኝም። አሁን ብነካው ይሆናል?»

ንኪው እማ፣ አልኳት። ንኪው፣ ንኪው እያልኩ ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩት አላውቅም። ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው መሰለኝ፤ የነጠላዋ ኮሽታ ብቻ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ከሩቅ «እፎይ» ስትል ሰማኋት።

ሚስባህ